የፍካት ዕድሜ

ውኃ ከእንስራ ሲቀዳ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ማር ግን እየተሳበ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው ይህ እንቢታ ዝልግልግነት ይባላል። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ነገሮች የሚዘዋወሩበትን ፍጥነት ከሚወስኑት አንዱ ይኸው ዝልግልግነት ነው። ታዲያ ሕዋሱን ሳይገድሉ እንዴት ይለካል?

በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ማሪና ኩይሞቫና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ዘዴ አሳዩ። ወደ ሕዋሱ የሚገባው ሞለኪውል የተቀበለውን ብርሃን በሌላ ቀለም መልሶ ያወጣል፤ ይህም ፍካት ይባላል። የሞለኪውሉ አንድ ክፍል እንደ መዘውር ይዞራል። በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ በቀላሉ ስለሚዞር ኃይሉ በመዞር ያልቃል፤ ፍካቱም ወዲያው ይጠፋል። በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ግን መዞር ስለሚሳነው ፍካቱ ይበልጥ ይቆያል። ልዩነቱ በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ቢሆንም በመሣሪያ ይለካል። የፍካቱ ድምቀት በሞለኪውሎቹ ብዛት ስለሚለዋወጥ የተመረጠው ዕድሜው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሌላ ጥናት፣ የካንሰር ሕዋሳት በብርሃን አማካይነት እንዲሞቱ ሲደረግ ዝልግልግነታቸው እጅግ እንደሚጨምር ታየ። እንግዲህ ፍካቱ የሕዋሱን ጤንነትና ሞት ይናገራል ማለት ነው።

መልመጃ

1. ዝልግልግነት ምንድን ነው?
2. ከድምቀት ይልቅ የፍካት ዕድሜ የተመረጠው ለምንድን ነው?
3. «እንቢታ» እና «መዘውር» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።