የፊዚክስ ሕግ በሾርባ ድስት ውስጥ

ቻውደር በአሜሪካ በኒው ኢንግላንድ ጠረፍ የታወቀ ወፍራም የባሕር ምግብ ሾርባ ነው። ዓሣው፣ ድንቹና ወተቱ በአንድ ድስት ይበስላሉ፤ የሚፈልጉት የሙቀት መጠን ግን አንድ አይደለም።

የዓሣ ፕሮቲን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይረጋል። ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ሥጋው ተኮማትሮ ውኃውን ያወጣና ይደርቃል። የድንችን ሕዋሳት ያያያዘው ፔክቲን ግን የሚላላው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው።

ቦስተን በባሕር ጠለል አጠገብ ስለምትገኝ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያህል በመሆኑ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ማብዛት ትነቱን ያፈጥናል እንጂ የሙቀት መጠኑን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ለቦስተን የተጻፈው ደቂቃ ለእኛ ድንች አይበቃም፤ ለዓሣው ግን 92 ዲግሪም ይበዛበታል።

አሠራሩም ይህንኑ ይከተላል። ሽንኩርት በቅቤ ከተቁላላ በኋላ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ይጨመራል፤ የዱቄቱ ስታርች ውኃ መጥጦ በማበጥ ሾርባውን ያወፍራል። ከዚያ ግማሽ ሊትር ውኃና በትንንሹ የተከተፈ ግማሽ ኪሎ ድንች ይገባሉ። የቁራጩ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ሙቀት ወደ መሐሉ የሚዘልቅበት ጊዜ ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል። ድንቹ ሲለሰልስ ግማሽ ሊትር ወተት ይጨመራል። ሊፈላ ሲል እሳቱ ዝቅ ይደረግና ግማሽ ኪሎ ዓሣ ይገባል፤ የባሕር ዓሣ ከሌለ ቆሮሶ ይተካዋል። መሐሉ ድረስ ነጥቶ በሹካ ሲላቀቅ ድስቱ ይወርዳል።

መልመጃ፦ የውኃ መፍያ ነጥብ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል የሚቀንስ ከሆነ፣ 1,700 ሜትር ከፍታ ባላት ሐዋሳ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?