ባቡሩ ወዴት ነው?

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ስመጣ በቀላል ባቡር ጣቢያ አቅጣጫው ይጠፋኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለት መስመሮች ነበሩት፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ግን ሐዲዱ የጋራ ነው። ስለዚህ ልደታን አልፈው የሚለያዩ ባቡሮች እዚያው አንድ መሳፈሪያ ላይ ይቆማሉና የአቅጣጫ ቀስት ብቻውን አይበቃም። በእርስዎ አካባቢ ቡሬ ላይ የእንጅባራና የነቀምት መንገዶች ከመለያየታቸው በፊት ሁለቱም ስሞች መታየት እንዳለባቸው ሁሉ፣ ጣቢያውም መድረሻውን ከመሳፈሪያው አስቀድሞ ሊናገር ይገባል። «ጠይቆ መሳፈር ነው» የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ባቡር መልስ እስኪገኝ አይጠብቅም፤ መስማት የተሳነው ተሳፋሪም አለ። ምልክቱ እስኪስተካከል እርስዎ ከቀስቱ ይልቅ የመስመሩን የመጨረሻ ጣቢያ ስም ይያዙ።