የተቀመጥኩበት ድንጋይ

በስፔን የሚማር የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ትምህርት በሌለበት አንድ ቀን ወደ ኮርዶባ ሄዶ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረውንና ዛሬ ካቴድራል የሆነውን ታላቁን መስጊድ መጎብኘቱን ከነፎቶግራፎቹ ላከልኝ። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። በመልእክቱ መጨረሻ ግን «አንተስ ዲላ አራት ዓመት ስትቀመጥ ምን አየህ?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። እኔ የማውቀው ከመኝታ ክፍል እስከ መማሪያ ክፍል፣ ከዚያም እስከ መስጊድ ያለውን መንገድ ብቻ ነበር።

በመሆኑም በተከታዩ ቅዳሜ ሱብሂ ሰግደን ከሁለት ወንድሞች ጋር ወጣን። በመጀመሪያ የደረስነው ጨልባ ቱቱቲ ነው። ረዣዥም ትክል ድንጋዮች በብዛት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ግን ወድቀዋል። የወንድነት ምልክት አምሳል ያላቸው መሆኑን አጥኚዎች ይናገራሉ። ከዚያ ወደ ቱቱ ፈላ ስናመራ መንገዳችን በጌዴኦ ገበሬ ማሳ መካከል ነበር። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና። ለማያውቅ ሰው ጫካ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤትና ሥራ አለው። ትልቁ ዛፍ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል።

ቱቱ ፈላ ስንደርስ ድንጋዮቹ አጠር ያሉ ሆነው አገኘናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሰው ፊትና ክንድ ተቀርጿል። ደክሞኝ ስለነበር ከወደቁት በአንዱ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን አወጣሁ፤ ጓደኛዬም ፎቶግራፍ አነሣኝ። በዚህ ጊዜ መቆፈሪያ የያዙ አንድ አዛውንት ቀርበው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ፣ «ልጄ፣ ደክሞህ ይሆናል፤ ሣሩ ላይ ተቀመጥ። እዚህ ሰዎች ተኝተዋል» አሉኝ።

እፍረት ያዘኝ። ቦታው የመቃብር ስፍራ ነው። በመቃብር ላይ መቀመጥ የተከለከለ መሆኑን ገና በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ተምሬያለሁ። ያንን ትምህርት ግን የራሳችን መቃብር ላይ ብቻ የሚሠራ አስመስዬው ኖሮ፣ ድንጋዩን ሳይ ወንበር እንጂ መቃብር አልታየኝም። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ተነሣሁ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ያገኘሁት ትምህርት ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ማየት ማወቅ አይደለም፤ ከመርገጥ በፊት መጠየቅ ይገባል። ሊቃውንቱም ቢሆኑ እየጠየቁ ነው የተማሩት። የአካባቢው ትክል ድንጋዮች በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የቆሙ ናቸው ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉትን ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ወስዷቸዋል። በቱቱ ፈላ ደግሞ አንዳንዶቹ የሰው ምስሎች ከቀደሙት ድንጋዮች እንደገና የተቀረጹ መሆናቸው ታውቋል።

ሁለተኛ፣ የቅርሱ ጠባቂ ገበሬው ነው። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ማሳውና የተቀደሱት ደኖች ጭምር ናቸው። ታዲያ ቡናውና እንሰቱ በድንጋዮቹ መካከል የበቀለውን ሰው እንደ ወራሪ ቆጥረን ብናስነሣው ማን ይጠብቃቸዋል? እኔን ከመቃብሩ ላይ ያስነሡኝ ዘበኛ ሳይሆኑ እኚያው መቆፈሪያ የያዙ አዛውንት ናቸው። ጎብኚ የሚያመጣው ገንዘብ አስቀድሞ ወደ እርሳቸው ደጅ ሊደርስ ይገባል።

ሦስተኛ፣ በዲላና በሌሎች ከተሞች የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች! የሩቁን ታላቅነት ማድነቃችን መልካም ነው። ነገር ግን የምንኖርበትን ሕዝብ ታሪክ ሳናውቅ ዲግሪ ይዘን ብንሄድ፣ እንግድነቱን እንጂ ጉርብትናውን አላወቅንበትም ማለት ነው።

ለጓደኛዬ የቆሙትን ድንጋዮችና የማሳውን ፎቶግራፍ ላክሁለት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የተነሣሁትን ግን አጠፋሁት፤ ምክንያቱንም ጻፍኩለት።