ጠፈር፥ ምሕዋርና መንኰራኵር፤ ስለ ሰማይ የሚነገሩ ቃላት ትርጓሜ

የቅዱሳት መጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየምሥጢሩ ሲተረጕሙት ይኖራሉ፤ ይኸውም ቃል እንደ ተነገረበት ስፍራና እንደ ተናጋሪው አሳብ ካልተለየ ሰሚውን ስለሚያሰናክል ነው። ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ስለ ሰማይ በሚነገሩት ቃላት ላይም እጅግ ያስፈልገናል። በሐዋሳ ከተማ በዩኒቨርሲቲው የሚማሩ ወጣቶች ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ይመጣሉ፤ በቀን ስለ ጠፈር የሰሙትንም በማታ ስለ ጠፈር ከሚሰሙት ጋር ያስተያያሉ። ቃሉ አንድ፥ ነገሩ ግን ሁለት ሲሆንባቸው መምህሩ ለይቶ ባያስረዳቸው፥ ወይ መጽሐፉን ወይ የቀኑን ትምህርት ሐሰት ነው ወደ ማለት ይደርሳሉ። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በየተራቸው እንመለከታለን።

ጠፈር። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምንማረው ጠፈር በሁለተኛው ቀን፥ በሰኞ የተፈጠረ፥ የላይኛውን ውኃ ከታችኛው የለየ ነው፤ የላይኛውንም ውኃ ሊቃውንቱ ሐኖስ ይሉታል። የዛሬ ዘመን ሰዎች ይህንኑ ስም ተውሰው ከምድር አየር በላይ ላለው ሰፊ ስፍራ ሰጡት፤ መጀመሪያውንም በልማድ ከባሕር ወለል 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያደርጉታል። እንግዲህ ሰው «ወደ ጠፈር ወጣ» ሲባል አየሩን አለፈ ማለት ነው እንጂ ኦሪት የተናገረችለትን ጠፈር ቀደደ ማለት አይደለም።

ምሕዋር። ቃሉ «ሖረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን መሄጃ፥ መመላለሻ ማለት ነው፤ ዛሬም አንድ አካል ሌላውን የሚዞርበት መንገድ በዚህ ስም ይጠራል። ሰው በሐዋሳ በታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ድንጋይ ወደ ሐይቁ ቢወረውር ድንጋዩ ጥቂት ሄዶ ይወድቃል፤ ኃይል ጨምሮ ቢወረውረው አርቆ ይወድቃል። አየር ባያግደውና በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወረወር ግን፥ ድንጋዩ ወደ ታች በወረደ መጠን ክብ የሆነችው ምድር ከሥሩ እየጐበጠች ስለምትሄድ መሬት ሳይነካ ይዞራል። ምድር ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ስበት ይባላል፤ እርሱም በምሕዋር ላይ አይጠፋም። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት ስለ ሌለ ሳይሆን ከመርከባቸው ጋር አብረው ሳያቋርጡ ስለሚወድቁ ነው።

ሳተላይት። ይህ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን አጃቢ ማለት ነው። ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትዞር የምድር የተፈጥሮ አጃቢ ናት። ከሰው ሠራሾቹ የመጀመሪያው ሶቪየት ኅብረት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የላከችው ስፑትኒክ ነው። የሀገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ደግሞ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይና ሮኬት ተጭና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣች፤ መረጃዋን የሚቀበለውም ጣቢያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተሠራ። የተላከችውም እርሻን፥ ደንንና ውኃን ከላይ ለመመልከት ነበር። እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ያለ ወንዝ የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ሐይቅ ዳርቻው ሲሰፋና ሲጠብ፥ እንዲህ ካለ ከፍታ የተነሡትን ሥዕሎች ዓመት ከዓመት በማስተያየት ይታወቃል። ሌሎች ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል በአንድ ቀን ስለሚዞሩ በአንድ ስፍራ የቆሙ ይመስላሉ፤ በጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ መዞር የማያስፈልገው ስለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርቷን በቴሌቪዥን በሩቅ ላሉ ልጆቿ የምታደርሰው በእነዚሁ ነው።

መንኰራኵር። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ያያቸው መንኰራኵሮች የእግዚአብሔርን ክብር የሚያመለክቱ ናቸው። ዛሬ ስሙ ሰውን ወይም ዕቃን ወደ ጠፈር ለሚያደርስ መርከብ ተሰጥቷል፤ ሮኬት ግን ይህን መርከብ ገፍቶ የሚያወጣው ነው። ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ፤ አርምስትሮንግና አልድሪንም ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ አረፉ።

ከዚህ እንደምንረዳው መምህራን ከሁለት ስሕተቶች ሊጠበቁ ይገባል። አንደኛው፥ «ሰው ጨረቃ ላይ አልደረሰም፤ ይህ ሁሉ ወሬ ነው» ብሎ በእውነት የሆነውን መካድ ነው። ነገሩን መርምሮ የተረዳ ተማሪ ይህን ሲሰማ ስለ ሃይማኖት የምንነግረውንም ይጠራጠራል። ሁለተኛው፥ «ሕዝቅኤል ስለ ሮኬት ተናግሯል» እያሉ መጽሐፉን ወዳላሰበው ነገር መጐተት ነው። ይህ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን የትንቢቱን ምሥጢር ያጠፋል።

አባቶቻችን ሰማይን መመርመር አልፈሩም። በባሕረ ሐሳብ የፀሐይን ዓመት 365 ቀን ከሩብ፥ የጨረቃን 354 ብለው ቈጥረው፥ የ11ዱን ቀን ልዩነት አበቅቴ ብለው፥ በዚህም በዓላትንና አጽዋማትን በየጊዜያቸው አቆሙልን። ቍጥሩን ከጸሎቱ ለይተው አልጣሉትም፤ ቍጥሩንም በጸሎቱ ፈንታ አላደረጉትም። እኛም ከወጣቶቹ አንዱ ስለ ጠፈር ቢጠይቀን አስቀድመን «የትኛውን ጠፈር ማለትህ ነው?» ብለን በፍቅር እንጠይቀው፤ ቃሉ በተለየ ጊዜ ጥሉ ይርቃልና።