እንቁላል የሚቆምበት ቀን፦ የአንድ የግብዣ ጨዋታ ምርመራ

ጥሬ እንቁላልን ያለ ምንም ድጋፍ በወፍራም ጫፉ ጠረጴዛ ላይ ማቆም በብዙ አገሮች የታወቀ የግብዣ ጨዋታ ነው። ጨዋታው የሚሳካው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት የመጋቢት ዕለት ብቻ ነው የሚል እምነት በተለይ በአሜሪካ ተስፋፍቷል። ይህ ጽሑፍ እንቁላሉ በምን ምክንያት እንደሚቆምና እምነቱ ሳይፈተን እንዴት ሊቆይ እንደቻለ ይመረምራል።

የእምነቱ ታሪክ ራሱ ማስረጃ ይዟል። ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1945 በቻይናዋ ቾንግቺንግ ከተማ ሰዎች እንቁላል ስለሚያቆሙበት ልማድ ዘገባ አወጣ። ዕለቱ በቻይና አቆጣጠር የጸደይ መግቢያ የሆነው ሊቹን ነበር፤ ይህም ፌብሩዋሪ 4 ገደማ ይውላል። ልማዱ ወደ አሜሪካ ሲሻገር «የጸደይ የመጀመሪያ ቀን» የሚለው ሐረግ እንዳለ ተወሰደ። በአሜሪካ ግን ጸደይ የሚገባው ማርች 20 ገደማ በመሆኑ፣ ዕለቱ ማንም ሳያስተውል በስድስት ሳምንት ያህል ተገፋ። እንቁላሎቹ በአዲሱም ቀን ቆሙ። ሐረጉ በባሕረ ሐሳብ ወቅቶች ቢተረጎም ኖሮ ዕለቱ መጋቢት 26 በሆነ ነበር፤ ያን ጊዜም መቆማቸው አይቀርም።

በጉዳዩ ላይ ከተጻፉት ሁሉ የላቀው የጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ የናካያ ኡኪቺሮ የ1947 ጽሑፍ ነው። ናካያ ይበልጥ የሚታወቀው የበረዶ ቅንጣትን በቤተ ሙከራ በመሥራቱ ነው። እንቁላል አቆመ፤ ቀቅሎም አቆመ፤ ስለዚህ ምሥጢሩ የአስኳሉ መዝቀጥ ነው የሚለው ግምት አያስኬድም። ቅርፊቱንም በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ለዓይን ለስላሳ የሚመስለው ቅርፊት በጥቃቅን እብጠቶች የተሸፈነ ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ ጠረጴዛውን በአንድ ጊዜ ሲነኩ ለእንቁላሉ እንደ ሦስት ጉልቻ ያገለግላሉ። እብጠቶቹ ባይኖሩ እንቁላሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ በትንሹ ዘንበል እንዳለ ይወድቅ ነበር።

የጉልቻውን ስፋት በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። ሦስቱ እብጠቶች እርስ በርስ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ ከሦስት ማዕዘኑ መካከል እስከ ጎኑ ያለው ርቀት 0.23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የክብደት ማእከሉ 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ከተባለ፣ እንቁላሉ ሳይወድቅ ሊያዘነብል የሚችለው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ጠባብ ነው፤ ሆኖም የረጋ እጅ በጥቂት ደቂቃ ፍለጋ ያገኘዋል። በአንጻሩ ፀሐይና ጨረቃ ተባብረው ቱንቢን ከቀጥታ መስመሩ የሚያዘነብሉት በ10 ሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከግማሽ ዲግሪው በአሥር ሺዎች እጥፍ ያንሳል። ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመ ሰው ትንፋሽ ከዚህ ይበልጣል።

በግብዣ ላይ የሚዘወተረው የጨው ዘዴም ከዚሁ መርሕ አይወጣም። እንቁላሉ በጥቂት ጨው ላይ ይቆምና ትርፉ በእስትንፋስ ይነፋል፤ ከሥሩ የሚቀሩት ጥቂት ቅንጣቶች ሰፋ ያለ ጉልቻ ይሆናሉ። (ኮሎምበስ ጫፉን ሰብሮ አቆመ የሚለው ታሪክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቫዛሪ እ.ኤ.አ. በ1550 ተመሳሳዩን ስለ ብሩኔሌስኪ ስለተረከ የኮሎምበስነቱ ያጠራጥራል።)

እምነቱን ያቆየው የማነጻጸሪያ ጉድለት ነው። ሰዎች የሚሞክሩት በዚያው ዕለት ብቻ ነው፤ ከተሳካ ለቀኑ ይቆጠራል፣ ካልተሳካ ለእጅ መንቀጥቀጥ። በሌላ ቀን እንቁላል ይዞ ሩብ ሰዓት የሚታገል የለም። ፍራንክ ጊጎ እ.ኤ.አ. በ1984 በሚኒሶታ ይህን ክፍተት ሞላ፤ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ደጋግሞ ሲሞክር እንቁላሎች ከዕለቱ በፊትም በኋላም ቆሙለት።

ሙከራውን በክፍል ውስጥ መድገም የሚሻ መምህር ከቀኑ ይልቅ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ቅርፊት ከቅርፊት ስለሚለያይ በየቀኑ በቁጥር የታወቁ እነዚያው እንቁላሎች መቅረብ አለባቸው፤ ጠረጴዛውም አይለወጥ። ለእያንዳንዱ እንቁላል የሚሰጠው ጊዜ፣ አምስት ደቂቃ ቢሆን፣ በሁሉም ቀን በሰዓት ተለክቶ መቆም ይኖርበታል፤ አለበለዚያ የሚለካው የሞካሪው ትዕግሥት ይሆናል።