ሞተር ሳይክል በሽፍን መኪና ሲጫን፦ ማን ይያዘው?

መግቢያ

በሰሜን ሸዋ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያውም ሆነ የጤና ሠራተኛው መኪና የማይገባበት ቀበሌ የሚደርሰው በእሱ ነው። ያማሃ «ኤጂ» ያላቸው ሞተሮች እንኳ ስማቸውን ያገኙት ከግብርና ነው። ይሁንና ሞተሩ ራሱ ተጭኖ የሚሄድበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ተገዝቶ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይመጣል፤ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አንኮበር ይቀጥላል፣ ወይም በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሲበላሽም በዚያው መንገድ ለጥገና ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የማየው አጫጫን እንዲህ ነው። ሞተሩ ሽፍን አይሱዙ ውስጥ በጎን መቆሚያው ይቆማል፤ በአሮጌ ካላማዳሪ አንድ ሁለት ቦታ ይታሰራል፤ ከዚያ አንድ ልጅ «አንተ ያዘው» ተብሎ አብሮ ይገባና በሩ ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩን ማሰሪያ ይያዘው፣ ልጁ ጋቢና ይግባ። በቅድሚያ ምክንያቱን በሒሳብ አሳያለሁ፣ ቀጥሎ አሠራሩን አቀርባለሁ።

1. ሰው ለምን አይችለውም?

110 ኪሎ የሚመዝን ሞተር እንውሰድ። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ እየሄደ ነው እንበል። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ በ2 ሰከንድ ቢያቆመው፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5.5 ሜትር ይቀንሳል። 110ን በ5.5 ስናባዛ 605 ኒውተን እናገኛለን። በቀላሉ ሲነገር ከ60 ኪሎ በላይ የሆነ ጭነት በድንገት ወደ ፊት ይገፋል ማለት ነው። ልጁ ይህን ሊይዝ ነው የገባው። ግን እሱ ራሱ በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት እየተወረወረ ነው፤ እግሩን የሚያስደግፍበት ነገር የለውም፣ ጨለማ ስለሆነም መንገዱን አያይም። ፍሬኑ መቼ እንደሚያዝ በምን ያውቃል?

ቁልቁለቱም የራሱን ይጨምራል። በእያንዳንዱ 100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ የሞተሩ ክብደት አንድ አሥረኛ፣ 11 ኪሎ ያህል፣ ሁልጊዜ ወደ ፊት እየተጫነ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ፍሬን ስንት ጊዜ እንደሚያዝ የሄደበት ያውቀዋል። አንድ ጊዜ የላላ ማሰሪያ በሚቀጥለው ኩርባ ይብስበታል።

በአውሮፓና በአሜሪካ የጭነት ደንቦች ማሰሪያ ወደ ፊት የዕቃውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ እንዲችል ይጠበቃል። ለእኛ ሞተር ይህ ወደ ፊት 88 ኪሎ፣ ወደ ጎን 55 ኪሎ ይሆናል።

2. ካላማዳሪ ለምን አይሆንም?

ካላማዳሪ ላስቲክ ነው፤ ይለጠጣል። ሲታሰር ጥብቅ ይመስላል፣ ፍሬን ሲያዝ ግን ተስቦ ሞተሩን ይለቀዋል፣ ቀጥሎ መልሶ ይጎትተዋል። እንዲህ እያወዛወዘ መጨረሻ ላይ ይጥለዋል። የሚሻለው ማጥበቂያ ያለው ሰፊ የጭነት ቀበቶ ነው። እሱ ከጠፋ የማይለጠጥ ጠንካራ ገመድ ይሁን። የናይለን ገመድ ሲረጥብ እንደሚረዝም ግን መርሳት የለብንም። ካላማዳሪው አይጣል፤ ቀበቶው ብረት በሚነካበት ቦታ ቆርጦ ከሥሩ ማድረግ ጥሩ መከላከያ ነው።

3. የአስተሳሰር ቅደም ተከተል

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ጭነት የሚወጣውም የሚወርደውም በአጋሰስ ነበር። አጋሰስ የሚጭን ሰው ግራና ቀኙን ሳያመዛዝን መጫኛውን አያጠብቅም። የሞተርም ሕግ ይኸው ነው።

ሀ) ሞተሩ ጠፍቶ በሁለት ሰው እየተገፋ በወፍራም ጣውላ ይውጣ። አስነስቶ በሽፍኑ ውስጥ መንዳት በጭስ መታፈንን ያመጣል።

ለ) የፊት ጎማው ወደ ጋቢናው በኩል ዞሮ ግድግዳው ጋ ይጠጋ። የሽፍኑ ግድግዳ ስስ ላሜራ ስለሆነ በመካከሉ ጣውላ ይግባ። ጎማው ግራና ቀኝ እንዳይሄድ በሁለት ሽብልቅ ይያዝ፤ ሽብልቁም ወለሉ ላይ ይመታ።

ሐ) አንደኛ ማርሽ ይግባ። የጎን መቆሚያው ይታጠፍ፤ ቀበቶው ወደ ታች ሲስብ መቆሚያውን ያጣምመዋልና።

መ) ሁለት ቀበቶ ከፊት፣ ከመሪው በታች ካለው ጠንካራ ብረት ተነስቶ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱም ወደ ፊት ይሳቡ። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ቱቦና ስፖኪዮ ላይ አይታሰርም። ግራና ቀኙን ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቅን፣ የፊት ስፕሪንጉ እስከ ግማሽ ሲወርድ እናቆማለን። ጨርሶ ከወረደ የዘይቱ ማገጃ ጎሚኒ ይጎዳል፤ ጭራሽ ካልወረደ ደግሞ መኪናው ሲነጥር ቀበቶው ይላላል።

ሠ) ሁለት ቀበቶ ከኋላ፣ ከሞተሩ ዋና አካል ላይ ተነስቶ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይሳብ። ትኩስ ማርሚታ የነካ ቀበቶ ይቀልጣል፤ እንጠንቀቅ።

ረ) የቀበቶው ሌላ ጫፍ ወለሉ ላይ በብሎን ከተያዘ ቀለበት ጋር ይታሰር። ቀበቶው ከወለሉ ጋር 45 ዲግሪ ቢሠራ፣ በ100 ኪሎ ብናጠብቀው 70 ኪሎው ወደ ታች፣ 70 ኪሎው ወደ ጎን ይይዛል። ቀጥ ብሎ ቆሞ 80 ዲግሪ ቢሆን ግን ወደ ጎን የሚይዘው 17 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሞተር ወደ ጎን የሚወድቀው በዚህ ይመስለኛል፤ ማሰሪያው አለ፣ አቅጣጫው ግን የተሳሳተ ነው።

አስረን ስንጨርስ መሪውን ይዘን እንነቅንቅ። ከሞተሩ ጋር መኪናው አብሮ ከተነቃነቀ በቂ ነው። ከ10 እና 15 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ቆሞ ማጥበቅ የግድ ነው። በደብረ ሲና መስመር ጣሊያን በወረራው ዘመን ከሠራው ዋሻ በፊት፣ በአንኮበር መስመር ደግሞ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ወርዶ ማየት ይገባል።

4. የሽፍን መኪና የራሱ አደጋ

ክፍት መኪና ላይ የሚፈስ ቤንዚን ጠረኑን ነፋስ ይወስደዋል። ሽፍን ውስጥ ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ልጁ የተቀመጠው እዚያው ነው። ሲጋራ ወይም ከባትሪ የሚነሳ ብልጭታ ቢጨመርበት የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ስለዚህ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋ፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀል።

ታንከሩም አይሞላ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 10 ሊትር ቤንዚን አንድ አምስተኛ ሊትር ያህል ይሰፋል። በብርዱ እስከ አፉ የሞላነው ቆላ ስንደርስ ይፈሳል ማለት ነው። ሲደረስም በሩን ከፍቶ አየር እስኪገባ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

አራት ቀለበት፣ አራት ቀበቶ፣ ሁለት ሽብልቅና አንድ ጣውላ፤ የሚያስፈልገው ይሄው ነው። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ከተበየደ ለዓመታት ያገለግላል። በትምህርት ክፍላችን ወርክሾፕ ወለል ላይ አራት ቀለበት ተተክሎ ተማሪው በተግባር ልምምድ ሰዓት ሞተር እንዲያስር ቢደረግ መልካም ነው እላለሁ። ነገ ወረዳ ስንመደብ ሞተር የምንጭነው፣ ልጁንም «ግባና ያዘው» ወይም «ና፣ ጋቢና ተቀመጥ» የምንለው እኛው ነንና።