ቫይታሚኑንም ይንገሩ

ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ወረፋ ይዞ የቆመ ሰው ይህን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይላል ፋርማሲስቱ። «ኧረ ምንም የለም ልጄ» ይላሉ እናት። ቤታቸው ግን ከአሜሪካ የተላከላቸው ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ አለ፤ በየቀኑ አንድ ፍሬ ይውጡበታል። ዋሽተው አይደለም፤ ቫይታሚንን ከመድኃኒት ስለማይቆጥሩት ነው።

ቫይታሚንና ማዕድን ግን ከመድኃኒት ጋር በሦስት መንገድ ይነካካሉ። አንድም አንጀት ውስጥ ይያያዛሉ፤ አንድም አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል፤ አንድም መድኃኒቱ ቫይታሚኑን ቀስ በቀስ ከሰውነት ያመናምነዋል። መፍትሔያቸውም እንደዚያው ይለያያል።

አንጀት ውስጥ ሲያያዙ

አይረን፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዚየም ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር አጥብቀው ይጣበቃሉ። ተጣብቀው የሚፈጥሩት ነገር ወደ ደም ማለፍ ስለሚያቅተው ከሰገራ ጋር ይወጣል። በሽተኛው ኪኒኑን በሰዓቱ ውጧል፤ ደሙ ግን አላገኘውም። ሕመሙ ሳይሻለው ሲቀር «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል።

ዋነኞቹ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) እና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው። ሲፕሮ ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እንየው፦ ሲፕሮን ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚወስድ ሰው አይረኑን ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊውጥ ይችላል። ለምሳሌ በምሳ ሰዓት ቢያደርገው አይጋጭም። ሲፕሮን በወተት ወይም በእርጎ ብቻ ማወራረድም እንደ አይረኑ ይጋጫል፤ ወተት ውስጥ ካልሲየም አለ።

ለታይሮይድ እጥረት የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን ከአይረንና ከካልሲየም 4 ሰዓት ይራቅ። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ ቡናውም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠብቅ፤ ቡናም መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል ጊዜ አይረንና ፎሊክ አሲድ ይሰጣቸዋል፤ የተለመደው መጠን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው። ከእነዚህ እናቶች ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ዶሉቴግራቪሩንና አይረኑን ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩ 2 ሰዓት ይቅደም ወይም 6 ሰዓት ይዘግይ። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች ከሆኑ በምግብም ጊዜ ቢሆን አብረው አይወሰዱም፤ ሰዓቱ መራራቅ አለበት።

ጎመንና ደም ማቅጠኛ

በልጅነት ሳይታከም ያለፈ የጉሮሮ ሕመም ኋላ የልብ በር እንደሚያበላሽ በአገራችን በደንብ ይታወቃል። በቀዶ ሕክምና የብረት የልብ በር የተተካለት ሰው ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ዋርፋሪን የሚሠራው ደም ለመርጋት የሚፈልገውን ቫይታሚን ኬ ሥራ በማገድ ነው። ቫይታሚን ኬ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ጎመን ውስጥ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋና ወተት ከገበታ ሲነሱ ጎመን ይበዛል፤ የዋርፋሪኑ ኃይል ይቀንሳል፤ ደም በብረቱ በር ላይ የመርጋት አደጋ ይመጣል። በክትትል አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት) ሲለካ ዝቅ ብሎ ይገኝና የዋርፋሪኑ መጠን ይጨመራል። ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ሲቀር ደግሞ ያው የተጨመረው መጠን ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። ድድ መድማት፣ ያለምክንያት መበለዝ፣ ሰገራ መጥቆር የዚህ ምልክቶች ናቸው፤ ከታዩ ወደ ሐኪም ፈጥኖ መሄድ ነው።

ታዲያ «ጎመን አይንኩ» የሚለው ምክር ልክ አይደለም። ልኩ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ ተቀራራቢ መጠን መመገብ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም ለሐኪም ነግሮ መለካት ነው። ብዙዎቹ መልቲቫይታሚኖችም ቫይታሚን ኬ አለባቸው፤ በራስ ፈቃድ መጀመርም ሆነ በድንገት ማቆም ልኬቱን ያናጋል። በከፍተኛ መጠን የሚወሰድ ቫይታሚን ኢ በበኩሉ መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

መድኃኒቱ ቫይታሚኑን ሲጨርስ

ለስኳር ሕመም የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ወደ ሰውነት በበቂ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም ለረዥም ጊዜ ሲቆይ እንዲሁ ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። አጥብቀው የሚጾሙ፣ ሜትፎርሚንም ኦሜፕራዞልም የሚወስዱ አዛውንት እንግዲህ በሦስት በኩል ይጎድልባቸዋል።

«እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል» ሲሉ ሁሉም በስኳሩ ያመካኛል። ስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን የቢ12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል። የሚለየው የደም ምርመራ ስለሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድም ቫይታሚን ቢ6ን ይሻማል። ለዚህ ነው አብሮ ትንሿ የቢ6 ኪኒን የምትሰጠው። «ይቺ ቫይታሚን ብቻ ናት» ብሎ መተው ነርቭን ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

በተግባር ምን ይደረግ?

ወደ ሐኪምም ወደ መድኃኒት ቤትም ሲሄዱ ብልቃጡን ራሱን ይያዙ። «ቢጫዋ፣ ሞላላዋ» ማለት ለባለሙያው ብዙ አይነግረውም፤ ጽሑፉ ላይ አይረን፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክ ወይም ቫይታሚን ኬ መኖሩን የሚያየው እሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤት ሲፈርስ ነዋሪው ወደተለያየ ሰፈር ተበትኗል። ለዓመታት የቤተሰቡን ሕመም በቃሉ ከሚያውቅ ፋርማሲስት የራቀ ሰው አዲሱ ሰፈር ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንና የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ ከነሰዓቱ በአንድ ወረቀት አስጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ።

የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥም ሆነ መጠኑን መለወጥ የሐኪም ውሳኔ ነው። የአይረኑንና የሲፕሮውን ሰዓት ማራራቅ ግን ፋርማሲስቱ ጋ በአንድ ጥያቄ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።